«በርበር» የተባሉት ሕዝቦች ራሳቸውን ማን ይላሉ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ሰሜን አፍሪካ በርበሮች ሳስተምር አንዳንድ ተማሪዎች «ዐረቦች አይደሉም ወይ?» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ስማቸው በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከበርበራ ወደብ የመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማብራሪያችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ውድ መምህር፣ በርበሮች ዐረቦች አይደሉም። ዐረቦች በ7ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ ከመዝለቃቸው ከረጅም ዘመናት በፊት፣ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ካለችው ከሲዋ አንሥቶ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ የኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከሮማ ጋር አብሮ ካርቴጅን የወጋው የኑሚዲያው ንጉሥ ማሲኒሳ ከእነርሱ ወገን ነበር፤ በ11ኛው መቶ ዓመት ማራኬሽን የቆረቆሩት አልሞራቪዶችም እንዲሁ። አብዛኞቹ እስልምናን ተቀብለዋል፤ ብዙዎችም ከጊዜ በኋላ አፋቸውን በዐረብኛ ፈትተዋል፤ በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች፣ በአልጄሪያ ካቢሊያና በሰሃራ ቱአሬጎች ዘንድ ግን ነባሩ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ስሙን በተመለከተ፣ ግሪኮች ንግግሩ የማይገባቸውን ባዕድ ሁሉ «ባርባሮስ» ይሉት ነበር፤ «በርበር» የሚለውም ከዚሁ ቃል እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። የጥንት ግሪኮችና ኋላም የዐረብ ጸሐፊዎች የሶማሌን ጠረፍ ነዋሪዎች በተመሳሳይ ስም ጠርተዋቸዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት ዘይላን የጎበኘው ኢብን ባቱታ ሕዝቧን «በርበራ» ብሎ ጽፏል፤ እርሱ ራሱ ግን በታንጂር የተወለደ፣ ከበርበሮቹ ከላዋታ ነገድ የሚወለድ ሰው ነበር። ስለዚህ የስሙ መመሳሰል ብቻውን የዘር ዝምድና ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሕዝቡ ራሱን «አማዚግ»፣ በብዙ ቁጥር «ኢማዚገን» ይላል፤ ብዙዎች «ነጻ ሰዎች» ብለው ይተረጉሙታል። ሰው ሌላው ባወጣለት ሳይሆን በራሱ ስም መጠራቱ ምን ያህል ክብር እንደሆነ በአገራችንም የሚታወቅ ነውና፣ በክፍል ውስጥ ይህን ስም ቢያስቀድሙ መልካም ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጸሐፊው ሙሉድ ማመሪ በአልጄሪያዋ ቲዚ ኡዙ ከተማ ስለ ጥንታዊ የካቢል ግጥም ሊያደርገው የነበረው ንግግር በመከልከሉ ተማሪዎችና ሠራተኞች ተነሥተው ብዙዎች ታስረዋል። ቋንቋቸው በሞሮኮ በ2011፣ በአልጄሪያ በ2016 በሕገ መንግሥት የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ እስኪታወቅ ከ30 ዓመታት በላይ ፈጅቷል። የቱአሬግ እናቶች ለልጆቻቸው በአሸዋ ላይ እየጻፉ ያስተማሩት ቲፊናግ የተባለው ፊደልም፣ በታደሰ መልኩ ከ2003 ጀምሮ በሞሮኮ ትምህርት ቤቶች ገብቷል።

ተማሪዎችዎን በይበልጥ ይስባል ብለን የምናስበው ግን የቋንቋው ዝምድና ነው። የኢማዚገን ቋንቋ ታማዚግት፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ካፍኛ ሁሉም የአፍሮ-እስያዊ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እኛ «ምላስ»፣ ግዕዙም «ልሳን» የሚለውን እነርሱ «ኢለስ» ይሉታል። ወንዱ «አማዚግ» ሲባል ሴቷና ቋንቋው «ታማዚግት» ይባላሉ፤ በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ት» «ንጉሥ»ን «ንግሥት» ከምታደርገው «ት» ጋር ዘመድ ናት።