የቮልስህን ሽቦ ለነገ አታሳድር

ሰሞኑን አንድ ልጅ ጻፈልኝ። የ1965 ሞዴል ቮልስዋገን ገዝቷል። ሞተሯ ነክሶ ለዓመታት ቆማለች፣ ሽቦዋን አይጥ በልቶታል። «ጋሼ፣ ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ አውርጄ ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ። ሽቦውን በኋላ ኤሌክትሪሻን ጠርቼ አሠራዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?» ይላል። ቤንዚንና አየር ስለሚቀላቅለው ካርቡሬተርም ጠይቆኛል።

ለብቻው ልመልስለት ጀምሬ ነበር። ግን እንደሱ የሚያስቡ ብዙ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር «ሽቦውን በኋላ» የሚለውን ሳነብ ስንት ዘመን የተኛ ቁጭት ነው የተነሣብኝ። ምክሩ ትንሽ ይቆይና ታሪኩን ላውራ።

በ70ዎቹ፣ የቴክኒክ ትምህርት ጨርሼ ምደባ በምጠብቅበት ጊዜ፣ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አንዲት ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው፣ ባለ 1200 ሲሲ። ዘይት መብላት ጀመረች። ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀች ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ታስለዋለች። ጋራዥ ሲጠይቁ የተነገራቸው ዋጋ ከጡረታቸው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠሩኝና «የተማርከው ለዚህ አይደል? ና እንፍታት» አሉኝ።

የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዘው በ4 ቦታ ብቻ ነው። ክብደቱም ወደ 90 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ክሪክ፣ አሮጌ ጎማና ሁለት ጠንካራ ጎረቤት ካላችሁ ይወርዳል። አወረድነው። በረንዳቸው ላይ ጆንያ አነጠፍንና መፍታት ጀመርን። ጋሼ እኔ የፈታሁትን እያንዳንዱን ዳዶና ሮንዴላ ተቀብለው በወረቀት ይጠቀልሉና በዚያ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈታቸው ከየት እንደወጣ ይጽፉበታል። እኔ ይቸኩለኛል፣ እሳቸው አይቸኩሉም። ዛሬ ድረስ የማንንም ሞተር ስፈታ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ስንደርስ ችግሩን አገኘነው። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ተሰብሮ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቧጭሮታል፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭም ጠርዙ ተቃጥሏል። «ለምን ሦስተኛው ብቻ?» አሉ ጋሼ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። በዚያ ዘመን ቮልስ የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል፣ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ያንተም ቮልስ የ1965 ስለሆነች መጀመሪያ እዚያ እይ።

ከዚያ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ። ያኔ ስልክ ደውሎ «አለ?» ብሎ መጠየቅ የለም፣ ዕቃውን በእጅ ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞር ነው። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ የተሰበረውን ፋሻ በመሐረብ ጠቅልለው፣ ከእያንዳንዱ ነጋዴ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ነው የሚጠይቁት። ግማሾቹ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሆነው ተገኙ፣ ዋጋውም ቀነሰልን። ኮሎውን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ማሽን ቤት ወስደን 0.25 ሚሊ ሜትር አስቆረጥንና በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ተሸካሚ፣ ገዛን።

ቮላኖውን፣ ከባዱን ክብ ብረት፣ ከኮሎው ጋር የሚያስረው ትልቁ 36 ቁጥር ዳዶ በ30 ኪሎ ግራም ሜትር መጥበቅ አለበት። የቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) መለኪያ ከየት ይምጣ? ጋሼ ትንሽ አሰቡና «አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» አሉኝ። 60 ገደማ አልኳቸው። «እንግዲያው ግማሽ ሜትር ላይ ቁም» አሉ። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካን። እሳቸው ከዳዶው መሐል ጀምረው በማስመሪያ ለክተው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ቮላኖው እንዳይዞር በአንግል ብረት አስረን፣ እኔ በአንድ እግሬ ምልክቱ ላይ ወጣሁና ቀስ ብዬ ክብደቴን ለቀቅኩት። ቧንቧው ትንሽ ወረደና ቆመ። «60 ሲባዛ በግማሽ፣ 30» አሉና በደስታ አጨበጨቡ። ብዙ ጋራዥ ሠርቻለሁ፣ ብዙ ውድ መሣሪያም ይዣለሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ያጠበቅኩት ዳዶ ግን የለም።

ሞተሩን መልሰን ሰቀልነው። ከባትሪው አንድ ሽቦ የእሳት ብልጭታ ወደሚያመነጨው ቦቢና ወስደን፣ ማስነሻውን ሞተሪኖ በሌላ ሽቦ ነካ ስናደርገው ተነሣ። ጭስ የለ፣ ኳኳታ የለ።

በሁለት ሽቦ ብቻ ያስነሣነው በምክንያት ነው። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ጋሼ አንድ ኤሌክትሪሻን አምጥተው ነበር። ሰውየው ዳሽቦርዱ ሥር ገባና «ይሄ ሁሉ አርጅቷል፣ መነሣት አለበት» አለ። ምንም ሳይጽፍ፣ ምንም ምልክት ሳያደርግ፣ ሁሉንም በፒንሳ ቆራርጦ ጆንያ ውስጥ ከተተው። ለአዲስ ሽቦ መግዣ ቀብድ ተቀበለ። አልተመለሰም።

በዚያው ሰሞን የእኔ ምደባ መጣ፣ አዋሽ፣ የመንግሥት እርሻ፣ የትራክተር ጥገና። «በእረፍቴ መጥቼ ሽቦውን እንዘረጋዋለን» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ግን የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ፈቃድ የለም፣ እርሻ ሲደርስ ፈቃድ የለም። መጥቼ ባየኋቸው ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሁለት ቀን አድሬ ነው የምመለሰው። መኪናዋ መብራት የላት፣ ፍሬቻ የላት፣ ክላክስ የላት። ቦሎ ማን ይሰጣታል? ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቦዋን ያነካኩና ያስነሷታል፣ መሪው ላይ ተቀምጠው ትንሽ ያዳምጧታል፣ ያጠፏታል። ከግቢ ሳትወጣ እሳቸው አረፉ። ልጆቻቸው ለቆርቆሮ ሸጧት። ፋሻው ገና ሲሊንደሩን ያልተላመደ ሞተር በኪሎ ተሸጠ።

ይኸው ነው የሚቆጨኝ። እዚህ አገርም ሆነ ሌላ ቦታ፣ በቤት ውስጥ ተጀምረው ግቢ ውስጥ የቀሩ ብዙ መኪኖች አይቻለሁ። አብዛኞቹን ያስቀራቸው ሽቦ ነው። ሞተር ክቡር ሥራ ነው፣ ሽቦ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ነው እየተባልን አደግን። እኛንም ስለ ፒስተን ወራት አስተምረውን ስለ ኤሌክትሪክ በወፍ በረር ነው ያለፉት። የጋሼ ቮልስ ሽቦ ግን ለሁለት ሰው የጥቂት ቅዳሜ ሥራ እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቶ ነው።

የጀርመን መኪና የራሱን ካርታ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ቁልፉ ላይ፣ ቦቢናው ላይ፣ ሞተሪኖው ላይ ትንንሽ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው። 15 ቁልፍ ስትከፍት ኃይል የሚያገኘው ነው። 31 ማሳ ነው፣ ኃይሉ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት። 50 ሞተሪኖውን የሚያዘው፣ 61 ደግሞ የዲናሞውን መብራት። ቀለሙም ሥርዓት አለው። ቀይ ከባትሪ፣ ጥቁር ከቁልፍ፣ ቡናማ ማሳ፣ ቢጫ አጭር መብራት፣ ነጭ ረጅም መብራት። ይህን የያዘ ልጅ ቴስተርና ትዕግሥት ካለው ቮልስ ማሰር ይችላል።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ከዚህ በኋላ ሽቦና ሞተርን ለያይታችሁ አታዩም። ቮልስ ውኃ የላትም፣ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ማራገቢያው ይቆማል፣ ሞተሩ መጋል ይጀምራል። የሙቀት ጌጅ የለም። ማን ይነግርሃል? ከዲናሞው 61 ቁጥር ተነሥቶ ዳሽቦርድ ድረስ የሚሄድ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ፣ ቀይዋን መብራት አብርቶ። መብራቷ ስትበራ ወዲያው ቁም። ያ ሽቦ ከሌለ አዲሱን ሞተርህን በአንድ ዳገት ታቃጥለዋለህ። ስለዚህ ልጄ፣ ሽቦው የሞተሩ ሥራ ግማሽ ነው፣ አብሮ ይሠራ።

አሮጌውን ሽቦ ቆርጠህ አትጣል። እንዳለ አውጣና ጣውላ ላይ ዘርጋው፣ ርዝመቱንና የሚገነጠልበትን ቦታ ከእሱ ቅዳ። የእኔ ዘመን ሰው ይህን ሁሉ በወረቀት ነበር የሚይዘው፣ እናንተ ስልክ አላችሁ። ስለ ስልክ ስናነሳ፣ የዘንድሮ ልጆች አንድ ቡሎን ፈትታችሁ ሦስት ቪዲዮ የምትለቁት ነገር አይገባኝም። ሥራው መሐል እጃችሁ ስልክ ላይ ነው። መጀመሪያ የምትገዙትም የኤልኢዲ መብራትና ትልቅ ስፒከር ነው፣ እሱንም ሽቦ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ ጠቅልላችሁ። ቢሆንም ስልኩ በእጃችሁ ስላለ ከመፍታታችሁ በፊት ሁሉንም ቦታ አንሡት፣ ከቅርብም ከሩቅም። ጋሼና እኔ የሚያስፈልገን ያ ብቻ ነበር።

የ1965 ስለሆነች 6 ቮልት ትሆናለች። ወደ 12 መቀየር ትችላለህ፣ እኔም እቀይራት ነበር። በ6 ቮልት 45 ዋት አምፖል 7.5 አምፔር ይስባል፣ በ12 ግን ግማሹን። አምፖሉን ሁሉ፣ ቦቢናውን፣ የፍሬቻውን ሪሌ፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር፣ ዲናሞውን ከነሬጉሌተሩ አብረህ ቀይር። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ይነሣል፣ ብዙ ቮልስ እንዲህ ተቃጥሏል። ስለዚህ መክደኛውን ሳታደርግ ማንንም ከኋላ አታስቀምጥ። ቦቢናው ፊውዝ የለውም፣ የዲናሞውም ሽቦ እንደዚያው። እዚያ የላላ ሽቦ ካለ የሚያቆመው የለም። ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ሻሲው የሚሄደውን የተጎነጎነ የማሳ ማሰሪያም አትርሳ። እሱ ከሌለ የሞተሪኖው ኃይል በቤንዚን መስጫ ኬብሉና በፍሪሲዮኑ ኬብል በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ያግላቸዋልም።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም። የሞተሩን ሁለት ግማሾች በካቻቢቴ አትፈልቅቃቸው፣ ማግኒዚየም ነው፣ ይጎዳል። በመካከላቸው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) የለም፣ ፊቱ ከተጫረ ዘይት ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ኮሎው ወደፊትና ወደኋላ የሚኖረው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሦስቱ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ይስተካከላል። እሱን ሳትለካ አትዝጋ። ሁሉንም ራስህ ሥራ ብዬሃለሁ፣ ኮሎ መቁረጥ ግን ቤት አይሠራም፣ ማሽን ቤት ስጠው። ቴስታታውንም፣ የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ እዚያው አሳየው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፣ ለምን በአሮጌ ሞተር ጊዜ እናጠፋለን?» ትላላችሁ። በመጀመሪያ ነገር አገር ውስጥ ያለው መኪና አልጠፋም፣ ገና ብዙ ዓመት ይጠገናል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ፒስተን ይቀር ይሆናል እንጂ ሽቦ አይቀርም። ማሳ ምን እንደሆነ በቮልስ ላይ በእጁ ያየ ልጅ ለሚመጣውም ዝግጁ ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ስለ ካርቡሬተሩም ጠይቀኸኛል። አዋሽ ሳለሁ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በታች እንሠራ ነበር፣ እዚያ ጥሩ የነበረ የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ 2400 ሜትር ላይ ሲመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ በጥቀርሻ ይጠቁራል። መፍትሔው ያነሰ ጄት፣ ማለትም ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ፣ ነው። አሁን ግን አትንካው። መጀመሪያ ሽቦውን ጣውላ ላይ ዘርጋና ፎቶውን ላክልኝ፣ ጄቱን ሞተሩ ሲነሣ ካንዴላውን አይተን እንመርጣለን።