ኦሪጅናሉ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብሩክሊን ሙዚየም የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሂሮሺጌን «አንድ መቶ ዝነኛ የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) እይታዎች» ሲያሳይ ከወንድሜ ጋር ሄደን ነበር። በጣም ወደድኩት። ግን ክፍሉ ለምን ጨለምለም አለ? ደግሞ እነዚያው ሥዕሎች ሌላ ሙዚየምም አሉ ሲባል ሰማሁ። ያየነው ኮፒ ነው ማለት ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከኒው ጀርሲ)

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ፣ እህቴ! ያየሽው ኦሪጅናሉን ነው። ሌላ ሙዚየም ያለውም ኦሪጅናል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ሥዕሎች ከተቀረጸ እንጨት ላይ በብዛት የታተሙ ህትመቶች ናቸው፤ ከዚያ እንጨት የወጣው ሁሉ ኦሪጅናል ነው። ሂሮሺጌ በስስ ወረቀት ላይ ይስላል፤ ቀራጺው ያንን ወረቀት በፊቱ ደፍቶ የቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፈውና መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ከነወረቀቱ ይፈለፍለዋል። የእጅ ሥዕሉ እዚያው ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ለየቀለሙ ሌላ እንጨት ይቀረጻል። አታሚው ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ወረቀት እንጨቱ ጥግ ላይ ከተቆረጠችው ምልክት ጋር እያስማማ፣ ቀለም በቀለም እያከታተለ፣ በማሽን ሳይሆን ጀርባውን በእጁ እያሸ ያትመዋል። ከላይ ደመቅ ብሎ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው ሰማይ ትዝ ይልሻል? እሱን አታሚው ለእያንዳንዱ ወረቀት እንጨቱ ላይ ቀለሙን እንደ አዲስ እያደበዘዘ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ሁለት ህትመት ፍጹም አንድ አይሆንም። እንጨቱም እያደር ይደክማል፣ ቀጫጭን መስመሮች ይሰበራሉ። ቀድመው የታተሙት የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

በ1857 የወጣውን፣ ድንገተኛ ዝናብ ድልድይ ላይ ሰዎችን የሚያራውጥበትን ሥዕል እንደገና ካገኘሽው ጠጋ በይ። እያንዳንዷ የዝናብ ክር ከእንጨት ላይ ሳትሰበር የተረፈች ቀጭን ጠርዝ ናት። እኔ እዚህ ጋ ነው ለቀራጺው ባርኔጣዬን የማነሳው፣ ስሙ እንደ ሠዓሊው ባይጠራም! ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግም በ1887 ይህንኑ ሥዕል በዘይት ቀለም ቀድቶታል።

የብርሃኑ ጉዳይ ቀላል ነው፦ ከዕፅዋት የተሠሩት ቀለሞች ብርሃን ይበላቸዋል፣ አንዴ ከለቀቁ ደግሞ አይመለሱም። ብሩክሊን ይህን ስብስብ ከ20 ዓመት በላይ ሳያሳይ የቆየውም ለዚሁ ነው። ቦስተን ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የጃፓን ህትመቶች አሉት፤ ግን እዚያም እየቀያየሩ ጥቂት ጥቂቱን ነው የሚሰቅሉት፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የትኞቹ እንደተሰቀሉ ጠይቁ።