የህንድ ናኖ ሳይንስ እና የወረታ የሩዝ ገለባ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በወረታ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ህንድ በናኖ ሳይንስ የምርምር ጽሑፎች ብዛት ከቻይናና ከአሜሪካ ቀጥላ እንደምትጠቀስ አንብቤአለሁ። ገና ብዙ ድኻ ያለበት አገር ከዚህ እንዴት ደረሰ? ጽሑፉስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሰው ቤት ገብቷል? እኛ ዘንድ ከሩዝ መፈተጊያው ጀርባ የገለባው ክምር ኮረብታ አክሏል፤ ተማሪዎቼ «ከገለባ ናኖ ይሠራል መባሉ እውነት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል።

መልስ፦ ከተማሪዎችዎ ጥያቄ እንነሣ፤ እውነት ነው። ናኖ የሚባለው በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚለካ እጅግ ጥቃቅን ነገር ነው። የሩዝ ገለባ (ከፍሬው የሚላቀቀው ቅርፊት) ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር፣ ሲሆን፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎችም የተሞላ ነው። የህንዱ ታታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ስዋች የተባለ የቤት ውኃ ማጣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ የተጠቀመው ይህንኑ አመድ ነው፤ በላዩም እጅግ የደቀቁ የብር ቅንጣቶች እንዲያርፉበት አድርጓል (ብር ስንል ማዕድኑን እንጂ ገንዘቡን አይደለም)። ውኃው ከላይኛው ዕቃ ወደ ታችኛው በራሱ ክብደት ሲወርድ ባክቴሪያው ከብሩ ጋር ተነካክቶ ይሞታል፤ መብራት አያስፈልገውም። ዋጋው ሲጀመር 749 እና 999 ሩፒ ነበር።

ብሩን ማድቀቅ ለምን እንዳስፈለገ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሳዩአቸው ይችላሉ። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የገጽ ስፋቱ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር በሆኑ ኩቦች ብንከታትፈው ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብሩ አልጨመረም፤ ከውኃው ጋር የሚገናኘው ፊቱ ግን ሚሊዮን ጊዜ በዝቷል።

ህንድ ከዚህ የደረሰችው በአንድ ጀንበር አይደለም። መንግሥት የመጀመሪያውን የናኖ መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ ለአምስት ዓመት 10 ቢሊዮን ሩፒ የተመደበለትን «ናኖ ሚሽን» አቋቋመ፤ የሚሽኑን ምክር ቤትም ታዋቂው የባንጋሎር ኬሚስት ሲ. ኤን. አር. ራኦ መሩት። በእኛ አስተያየት ትልቁ ቁም ነገር ገንዘቡ የዋለበት ቦታ ነው፦ አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን ሊገዛ የማይችለውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የመሰለ መሣሪያ ብዙዎች እንዲጋሩት ሆነ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርትም ተከፈተ። በ2013 በሰሜን ህንድ በምትገኘው በሞሃሊ ከተማ ራሱን የቻለ የናኖ ተቋም ሥራ ጀመረ።

ሁለተኛው ምክንያት ተመራማሪዎቹ የደጃቸውን ችግር መያዛቸው ነው። በማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቲ. ፕራዲፕና ባልደረቦቻቸው የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ የቀረ ፀረ ተባይ ኬሚካልን እንደሚሰባብሩ አሳዩ፤ ግኝቱም ወደ ቤት ማጣሪያ ተለወጠ። ቀጥሎም የምዕራብ ቤንጋል ግዛትን የጉድጓድ ውኃ ወደሚበክለው አርሴኒክ ወደተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ዞሩ።

ይሁንና «ናኖ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ትልቅ የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ማኅበር ግማሽ ሊትር «ናኖ ዩሪያ» 45 ኪሎ የሚመዝን የዩሪያ ከረጢት ይተካል ብሎ ለገበሬው አቀረበ። ስሌቱን እርስዎም ሊሠሩት ይችላሉ፦ 4 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ጠርሙስ የያዘው 20 ግራም ናይትሮጅን ሲሆን፣ ከረጢቱ የሚይዘው ግን ከ20 ኪሎ በላይ ነው። አምራቹ ቅጠሉ ላይ ስለሚረጭ ብክነቱ ያነሰ ነው ይላል፤ የፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ የማሳ ሙከራ ግን መደበኛው የዩሪያ መጠን ተቀንሶ በእርሱ ሲተካ የሩዝና የስንዴ ምርት መቀነሱን አሳይቷል። የጽሑፍ ብዛት እንዲህ ያለውን ጉዳይ አይፈታም፤ የሚፈታው ማሳው ነው።

የእናንተን ገለባ በተመለከተ፣ ተማሪዎችዎ አመዱን በቀለም በደፈረሰ ውኃ ላይ ቢሞክሩት ጥሩ ትምህርት ያገኙበታል። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በጣም ሲግል ሲሊካው ይጠነክርና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ብናኙም ለሳንባ የከፋ ይሆናል። አመድ ብቻውን ባክቴሪያን ስለማይገድል ያጣሩትን ውኃ እንዳይጠጡት አደራ ይበሉልን። ከዚያ አልፈው ቅንጣቱን ማየትና መለካት ከፈለጉ፣ የናኖ ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል ላለው ለአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኪሎ አመድና አንድ ደብዳቤ ቢልኩ አይከፋም።