ማታ መብራት ላይ የምትመጣዋ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «አዘዞ ነው የምኖረው፤ ከሰሞኑ ማታ ማታ መብራት ላይ ጉንዳን የምትመስል ቀይና ጥቁር ነገር ትመጣለች። የልጄ አንገት ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። ነክሳው ነው? ፍሊት ልርጭ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ተማሪዎቼ ይህንኑ ቁስል ይዘው ይመጣሉ።

አልነከሰችውም። ይቺ ጥንዚዛ ሰው አትነክስም፣ አትናደፍምም። መርዟ ያለው ደሟ ውስጥ ነው፤ ፔዴሪን ይባላል። ቆዳ ላይ የሚፈሰው ስትጨፈለቅ ነው። ልጅሽ በእንቅልፍ ልቡ አሽቷት ይሆናል። ቃጠሎው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ስለሚወጣ ማንም እሷን አይጠረጥርም፤ «ሸረሪት ሸናብኝ» ይባላል።

በማጉያ መነጽር ብታያት በጣም ታምራለች። ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካናማ ነው። ወገቧ ላይ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ አጭር ሽፋን አለ። ጉንዳን አለመሆኗን የምትለዪው በእሱ ነው፤ ረጃጅሞቹ ስስ ክንፎች ከሥሩ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሆዷ ግን ራቁቱን ነው፤ ብርቱካናማ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። ስትነካኪያት ወደ ላይ ትቆለምመዋለች።

መርዙን የሚሠራላት ሰውነቷ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እናት በእንቁላሏ በኩል ለልጆቿ ታወርሰዋለች። ሸረሪቶች መርዙ ያለበትን ዕጭ ቀምሰው ይተዉታል። እኛ በሸረሪት የምናሳብበው መርዝ ጥንዚዛዋን ከሸረሪት የሚጠብቃት ነው ማለት ነው!

እርጥብ መሬት ትወዳለች። ከመገጭ ወንዝ ዳር እስከ ደምቢያ ማሳ ድረስ እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል። እዚያ ክሽክሽና ሌሎች ትናንሽ ነፍሳትን እያደነች ትበላለች፤ ለገበሬው ባለውለታ ናት። ቤት የምትገባው መብራት ስቧት ነው።

ስለዚህ ፍሊቱን ተይው። ማታ መስኮት ዝጊ ወይም ወንፊት አድርጊበት፣ የውጭውን መብራት አጥፊ። ሰውነት ላይ ካረፈች እፍ ብለሽ አባሪያት እንጂ በእጅ አትምቻት። ከተጨፈለቀች ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቢው፣ አንሶላውንም እጠቢ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው» ላላችሁ፦ እሱ ነርቭ ተከትሎ ከውስጥ የሚወጣ በሽታ ነው። ይሄ ከውጭ የነካ መርዝ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ልጁ ግን በነካበት እጁ ዓይኑን ካሸ ክፉኛ ያብጣል። ያኔ ቤት ውስጥ ምንም አትቀቢው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።