የፖሊስ ምልመላ መዝገብ ማየት ይቻላል ወይ ለተባለው፦ ከደረሰብኝ ልንገርዎ

ወንድሜ፣ እህትዎ ለፖሊስ ምልመላ ተመዝግባ ጽሑፉንና የአካል ብቃቱን ካለፈች በኋላ በመጨረሻው ማስታወቂያ ላይ ስሟን እንዳጣችው ገልጸው፣ ውጤቷንና የምልመላውን መዝገብ ማየት ትችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ያውም እዚሁ ጅማ። በታናሽ ወንድሜ ላይ ይኸው ስለደረሰ የእናንተም ጉዳይ ከእኛ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ሳያስመዘግቡ ለማንም በእጅ አይስጡ። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በሐምሌ ዝናብ፣ ወረቀቱ እንዳይርስ በፌስታል ጠቅልዬ ወስጄ ለኃላፊው ጸሐፊ ሰጠኋት። «አስገባለታለሁ» ብላ ከሻይ ብርጭቆዋ ሥር አኖረችው፤ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ያቺው ሴት ዐይኔን እያየች እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዳልደረሳቸው ነገረችኝ። በእጄ የቀረ ነገር ስላልነበረ የምከራከርበት አጣሁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ነገር ግን የገባበት ቀን ካልተመዘገበ ቀኑ ከየት ተነሥቶ ይቆጠራል? ሁለተኛውን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጻፍኩት፤ ጥያቄውን የመቀበል ኃላፊነት የእርሱ ነውና። መዝገብ ቤት አስገብቼም የእኔው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እስኪያርፍ ድረስ ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም።

2. የሚጠይቁትን ይምረጡ። እኔ በንዴት የተመለመሉትን ሁሉ ማኅደር፣ የሕክምና ምርመራቸውንና የቀበሌ ደብዳቤያቸውን ሳይቀር ይሰጠኝ ብዬ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የሌላ ሰው የግል መረጃ አይሰጥም ሲለኝ፣ ቢያናድደኝም በዚህች እንኳ እውነቱን ነበር። በሁለተኛው ማመልከቻ የወንድሜን ውጤት በየደረጃው፣ የመምረጫ መስፈርቱንና ለእያንዳንዱ የተሰጠውን ነጥብ፣ የማለፊያውን ነጥብ እንዲሁም የመልማይ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ጠየቅሁ፤ በቃለ ጉባኤው ውስጥ ያለው የሌሎች ስም ተሸፍኖ እንዲሰጠኝም ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ሰውየው አዲስ ምክንያት አመጣ፦ «ይህ አዋጅ ተሽሯል።» አልተሻረም። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 የተካው የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል ነው፤ መረጃ የማግኘት መብቱ እንዳለ ነው። ይህን አትሜ ይዤ ስለነበር ፊቱ ላይ ማንበቤን አልደብቅም፤ ከዚያ ወዲህ «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር።

3. የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው ያጽፉ። የመጀመሪያውን በአማርኛ ጽፌው ነበር፤ ሁለተኛውን ጎረቤቴ አስተካክላ ጻፈችልኝ፤ አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ ተቀበሉኝ።

መልሱ በ26ኛው ቀን ወጣ። ከሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ስሞቹ በጥቁር ቀለም ተሸፍነዋል፤ በወንድሜ መስመር ላይ ግን የቃለ መጠይቁ ሳጥን ባዶ ነበር። ልጁ ቀርቦ ተጠይቋል፤ ከውጭ ሆኜ የጠበቅሁት እኔው ነኝ። ቅሬታችንን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ አቀረብን። ዝም ቢለን ኖሮ ቀጣዩ በር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ነበር፤ ሆኖም እዚያ ሳንደርስ ነጥቡ «በስህተት ሳይሞላ መቅረቱን» በደብዳቤ አመኑልን። የዚያ ዙር ምልምሎች ወደ ማሠልጠኛ ከገቡ ቆይተው ስለነበር ወንድሜ በቀጣዩ ዙር ነው የገባው።

ለእህትዎ ከከለከሏችሁ ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን ይበሉ፤ ያለዚያ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ነገር አይኖርዎትም። የሁለተኛው ማመልከቻዬ ቅጂ አለኝ፤ የወንድሜን ስም አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።