ወንዙ ዳር ስለነበረችው ሰሌዳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ያደገችው ቨርጂኒያ ነው። ስለ አሳ ማጥመድና ስለ እግር ጉዞ መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የአካባቢዋ የአውትዶር ጸሐፊዎች ማህበር በአባልነት ተቀብሏታል፤ ለዓመታዊ ጉባኤውም ጠርቷታል። ጥያቄዋ አጭር ናት። «ጋሼ፣ ሆቴሉን፣ ምግቡን፣ ጀልባውን ሁሉ የሚችሉት አስተናጋጆቹ ናቸው አሉኝ። ብሄድ ነውር ነው?»

ልጄ፣ ሂጂ። መልሱ ይኸው ነው። ግን ጥያቄሽ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ በዚህ ብቻ ልተወው አልቻልኩም። ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስለ አሳ፣ ስለ አደን፣ ስለ ካምፒንግ፣ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ የሚጽፉ ሰዎች የራሳቸው ማህበር አላቸው። አገር አቀፉ በ1927 ቺካጎ ላይ ተመሠረተ። ከእሱ ሌላ በየአካባቢው ትንንሾቹ አሉ። በዓመት አንዴ አንድ ትንሽ ከተማ ይመርጡና ሁለት ሦስት ቀን ይሰበሰባሉ። የከተማው የቱሪዝም ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነው። ማጥመጃና ድንኳን የሚሸጡ ድርጅቶች ጠረጴዛ ዘርግተው ዕቃ ያስሞክራሉ። ጠዋት ወንዝ ነው፣ ከሰዓት ስልጠና፣ ማታ እራት፣ ሽልማትና ዕጣ። ከተማው በምላሹ የሚጠብቀው ሰዎቹ ቤታቸው ሲገቡ እንዲጽፉለት ነው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እንደ ፈረንጅ በ2001፣ ሰኔ ላይ ነው። ያኔ ማታ ማታ አርሊንግተን ፓርኪንግ እሠራለሁ። ቀን ለአንድ ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ አምድ እጽፋለሁ። ጉባኤው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ፣ ሉሬይ የምትባል ከተማ አካባቢ ነበር። የሁለት ሌሊት ሆቴል ከኪሴ ክፈል ቢሉኝ አልችልም። አዳራሹ ውስጥ አበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥቁርም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዝ ወረድን። ሳውዝ ፎርክ ይሉታል፤ የሸናንዶዋ ደቡባዊ ክንፍ ነው። እንደ ዓባይ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። ይህን ሳውቅ ደረቴ ሞቅ አለ። ጉሙ ገና ከውሃው ላይ አልተነሳም። አስጎብኚያችን ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር፤ ከፔርሙዝ ቡና ቀድቶ ሰጠኝ። ባስ የሚባለውን አሳ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ያዝኩ። ሁሉንም መንጠቆውን እየፈታን መልሰን ለቀቅናቸው።

ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። እነሱ ይለቃሉ። አብዛኞቹ ባስን ለስፖርት ነው የሚያጠምዱት። የኛ ሰው ግን አሳ የሚይዘው ሊበላው ነው።

ጀልባው የሚነሳበት ቦታ ላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ አንዲት የብረት ሰሌዳ ነበረች። አነበብኳት። በወንዙ አሳ ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት አለ፣ በወር ከሁለት ጊዜ በላይ አትብሉ፣ እርጉዞችና ትንንሽ ልጆች ጭራሽ አይንኩት የሚል ነው። ፎቶ አነሳኋት። ልማዴ ነው፤ የማነበውን ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ።

ኋላ ታሪኩን አጠናሁ። ወደ ላይ፣ ዌይንስቦሮ በምትባል ከተማ፣ ሰው ሠራሽ ክር የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ከ1929 እስከ 1950 ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር። ሜርኩሪው እዚያ ወዳለው ሳውዝ ሪቨር ወደሚባል ወንዝ ገባ፤ ከዚያ እኛ ወዳጠመድንበት ወደ ሳውዝ ፎርክ ወረደ። ሰው ያወቀው በ1970ዎቹ ነው። ጭቃው ውስጥ የቀረውን ትንንሽ ነፍሳት ይወስዱታል፣ ነፍሳቱን ትንሽ አሳ ይበላል፣ ትንሹን ባስ ይበላል። አሳው ባደገና ባረጀ ቁጥር መርዙ ይከማቻል።

እቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ጉሙን ጻፍኩ፣ ቡናውን ጻፍኩ፣ አሥራ አንዱን አሳ ጻፍኩ። ሰሌዳዋን አልጻፍኩም።

ማንም ደብቅ አላለኝም። የቱሪዝም ቢሮዋ ሴትዮ ስትሸኘኝ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «የሚቀጥለው ዓመትም ና» ነው ያለችኝ። በቃ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ቤት በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተኝቼ፣ ወንዛችሁ መርዝ አለበት ልበል?

እንግሊዝኛው ብዙ ጉዳት አላደረሰም ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢዎቹ ይለቃሉ፣ ሰሌዳውንም ያነባሉ። ግን ጽሑፉን ወደ አማርኛ መልሼ እዚህ ለነበረ የማህበረሰባችን ጋዜጣ ሰጠሁት። መንገዱን ዘረዘርኩ፤ 66 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ከዲሲ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እንግሊዝኛው ላይ የሌለ አንድ አንቀጽም ጨመርኩ፤ አሳው እንዴት እንደሚጠበስ። ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትሎ፣ ጨውና ሎሚ አሽቶ፣ ዘይት ውስጥ እስኪደርቅ፣ ከዚያ በአዋዜ።

የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ሐይቁ ዳር አሳ ሊገዛ ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ በጣቱ ስንጥቡን ከፈት አድርጎ ያሳየኛል። ቀይ ከሆነ ይገዛል። ከጠቆረ ጥሎት ይሄዳል። አንዴ አንዱ ነጋዴ በሌላ አሳ ደም ስንጥቡን ቀብቶ ሊሸጥለት ሲል፣ አጎቴ አሸተተና ምንም ሳይናገር አሳውን ሰውየው እግር ሥር አስቀመጠው። እኛ ያደግነው በዚህ ነው፤ መጥፎ አሳ ራሱ ይናገራል። ሜርኩሪ ግን አይናገርም። ስንጥቡ ቀይ ነው፣ ሽታ የለውም። ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ ቆዳውን ብትገፉት፣ ስቡን ብታነሱት፣ እስኪከስል ብትጠብሱት አይወጣም።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት ሴት ወደኔ መጣች። ነጠላዋን ከፊት አጣፍታዋለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ሰባት ወሯ እንደሆነ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን» አለች። ባሏ ጽሑፌን አንብቦ በየቅዳሜው ወንዝ ይሄዳል። ሥጋ አልገድፍም ስትል የንስሐ አባቷ ለእርጉዝ አሳ ፈቅደውላታል። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተው።) «ሳምንቱን ሙሉ የምበላው እሱን ነው፤ በአዋዜው» አለችኝ፣ እየሳቀች።

የሰሌዳዋ ፎቶ እቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሃያ አራቱ ፎቶ ሰባተኛው። እዚያው ቆሜ ማለት ያለብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«እሰይ፣ ይመቻችሁ» አልኳት።

ለባሏ የደወልኩት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መስከረም ላይ ጋዜጣው ማረሚያ አወጣልኝ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አራት መስመር። እነሱ በዓመቱ ወደ ሲያትል ሄዱ። ልጁ ዛሬ ሃያውን አልፏል። ደህና ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም። ሲያትል የሚያውቋቸው ሰዎች አሉኝ፤ ደውዬ ብጠይቅ በአንድ ቀን እሰማለሁ። አልደወልኩም።

ለብዙ ዓመት ለወጣቶች የምላቸው «ከማንም ምንም አትቀበሉ፣ በዕጣ የሚደርሳችሁን የአሳ ማጥመጃ ዘንግ እንኳን» ነበር። ዛሬም አምንበታለሁ። ግን ያን ክፍል በነፃ ባይሰጡኝ ኖሮ ወንዙን አላይም ነበር፣ ሰሌዳዋንም አላነብም ነበር። ገንዘብ ያለው ብቻ ይሂድ ካልን፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚያ አዳራሽ አይገባም። ስለዚህ ሂጂ እልሻለሁ። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁልኝ እስከዛሬ አልገባኝም።

ደግሞ የደጋፊዎቹ ገንዘብ ጫና የሌለው አይምሰልሽ። በ2004 ስፖኬን ላይ፣ አገር አቀፉ ጉባኤ፣ የጠመንጃ ባለቤቶች ማህበር የሆነው የኤንአርኤ ሰው ተነስቶ የተፈጥሮ ጥበቃ ማህበሩን ሴራ ክለብን ነቀፈ። የጸሐፊዎቹ ማህበር ቦርድ በንግግሩ ቅር መሰኘቱን ጻፈ። ከዚያ ብዙ አባላትና ደጋፊ ድርጅቶች ጥለው ወጡ፤ በዓመቱ ሌላ ማህበር ተመሠረተ። የእኔ ማህበር ውስጥም ያን ሰሞን ምሳ ላይ ሰው ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይመርጥ ነበር።

የዛሬ ልጆች አንዳንዱ ነገራችሁ ያሳዝነኛል። አሳው መንጠቆው ላይ እየተንፈራገጠ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፤ ቦታውን ከነካርታው ትለጥፋላችሁ፤ በሳምንቱ ወንዙ ዳር የፕላስቲክ ክምር ነው። ግን ይህቺ ልጅ የጠየቀችውን እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። ነውር ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

ስለ አጻጻፍ አልመክርሽም፤ ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ፣ ታውቂበታለሽ። እራት ላይ ግን ከተሸላሚዎቹ ጠረጴዛ ይልቅ የክልሉ የአሳ ባለሙያ ከመጣ እሱ አጠገብ ተቀመጪ። ስንት ኪሎ ይደርሳል ብለሽ አትጠይቂው፤ ያንን ሌላው ሁሉ ይጠይቀዋል። «እናቴ ብትበላው ትመክራለህ?» በይው። የሚመልስልሽን በአማርኛም ጻፊው። ያቺ የእኔ ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበረች።

ሰባተኛውን ፎቶ ዛሬ በፖስታ ልኬልሻለሁ። ጠርዙ ትንሽ ታጥፏል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።