የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ኮፒ ቤት አሳትሜ ስመለስ ፍላሼ ውስጥ የነበረው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ሆኖ ጠበቀኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ፍላሹ ግን 6 ጊጋባይት ተይዟል ይላል። የጠየቅሁት ባለሙያ «ከፎርማት ሌላ መፍትሔ የለውም» አለኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አያስደርጉት! 6 ጊጋባይት ተይዟል ካለ ፋይሎችዎ እዚያው አሉ ማለት ነው። ቫይረሱ ፎልደሮችዎን ደብቆ በምትካቸው ስማቸውንና መልካቸውን የያዙ ሾርትከቶች አስቀምጧል። ሾርትከቱን ሲነኩት ቫይረሱ መጀመሪያ ራሱን ያስነሳል፤ እንዳይጠረጥሩ ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልዎታል። ቤት ገብተው ስለከፈቱት የራስዎም ኮምፒውተር እንደተያዘ ይቁጠሩት።

ፋይሎቹን ሾርትከት ባልተነካበት ኮምፒውተር ያውጡ። በዛሬዎቹ ዊንዶውሶች ፍላሹን መሰካት ብቻውን ይህን ቫይረስ አያስነሳም፤ የሚያስነሳው ሾርትከቱን መክፈት ነው። የፋይል መስኮቱን ከፍተው «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ይግቡና «ቪው» የሚለውን ይጫኑ። እዚያ ሦስት ነገር ይለውጡ፦ «ሾው ሂደን ፋይልስ»ን ይምረጡ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» እና «ሃይድ ኤክስቴንሽንስ» ላይ ያሉትን ምልክቶች ያንሱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «ምንም የለም» ብሎ የሚተወው ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው ነው። አሁን ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። አንዳንዱ ዓይነት ሁሉንም ጠቅልሎ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚከት፣ ባዶ የሚመስል ስም ካዩ ገብተው ይፈትሹ።

የሚገለብጡት የወርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ይሁን። ከታች በግራ ጥግ ትንሽ ቀስት ያለበትን፣ እንዲሁም ስሙ በኢኤክስኢ፣ በቪቢኤስ ወይም በጄኤስ የሚያልቀውን አይንኩ። የተገለበጠው ፋይል አሁንም ደብዛዛ ሆኖ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሂደን» የሚለው አልለቅም ካለዎት አይጨነቁ፤ ከፍተው «ሴቭ አዝ» በማለት በሌላ ስም ያስቀምጡት። ሁሉም እንደሚከፈት ካረጋገጡ በኋላ ፍላሹን አሁን ፎርማት ያድርጉት።

የቤቱ ኮምፒውተር ካልጸዳ ግን ፍላሹን በሰኩ ቁጥር ይመለስብዎታል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ፣ ከ«ስካን ኦፕሽንስ» የመጨረሻውን፣ ማለትም የዲፌንደር ኦፍላይን ስካንን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ ራሱን የሚከላከልበት ዕድል አያገኝም።

ለወደፊቱ ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርገው ከስልክዎ ወደ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም ይላኩት። በእነሱ ኮምፒውተር የራስዎን ቴሌግራም ከፍተው ማውረድ ግን ከፍላሹም የባሰ ነው፤ ሳይዘጉት ከወጡ መልእክትዎን ሁሉ ትተው ሄዱ።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የዴስክቶፔ ቀን ወደ 2010 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ያን ጊዜ ክሮም ኢሜይሌንም ባንኩንም አልከፍትም፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል። ቫይረስ ነው ተባልኩ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቫይረስ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃ ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ድረ ገጾች ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል የማረጋገጫ ሰርተፍኬት ስላላቸው፣ የእርስዎ ኮምፒውተር 2010 ላይ ሲሆን የሁሉም ሰርተፍኬት ገና ያልጀመረ ይመስለዋል።

ሱቅ ሲሄዱ ሲአር 2032 ይበሉ። 20 ስፋቷ በሚሊሜትር፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። 2025 «ያው ናት» ተብለው እንዳይወስዱ፤ ቀጭን ስለሆነች ማቀፊያው ውስጥ ትላላለች። በቴስተር ስትለካ አዲሷ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ታሳያለች።

ኮምፒውተሩን ዘግተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና የማስነሻ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። የባትሪዋን ማቆያ በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ። ሲያስነሱት ከኪቦርዱ «ዲሊት» ወይም «ኤፍ 2» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ተጭነው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ላይ፣ ቀንና ሰዓት ይሙሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ባዮስ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብለው ከሞሉ ኮምፒውተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይቀርና ችግሩ እንደነበረ ይቀጥላል። ከቀኑ 8 ሰዓትም 14 ተብሎ ነው የሚሞላው።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ማዘርቦርድ ተቀየረና ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ይጠይቀኛል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቆልፌ አላውቅም። (ከአቡዳቢ)

መልስ፦ እርስዎ ባይቆልፉትም፣ ዊንዶውስ 11 ያለባቸው ብዙ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ዲስኩን በየቀኑ ሳይጠይቅ የሚከፍተው ምስጢር የነበረው በአሮጌው ማዘርቦርድ ቺፕ ላይ ነው፤ እሱ ሲወጣ አብሮ ወጣ።

በስልክዎ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ገብተው «ዲቫይስስ» ስር የቢትሎከር ቁልፎችን ይፈልጉ። ሰማያዊው ገጽ ላይ ያለው «ኪ አይዲ» የመጀመሪያ 8 ፊደሎችና ቁጥሮች ከየትኛው ጋር እንደሚገጥሙ አይተው የዚያን 48 አሃዝ ይጻፉ። እዚያ ካላገኙት ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተልዎት ማን እንደነበር ያስታውሱ። ሻጩ ወይም ወንድምዎ በራሱ አካውንት ከፍቶት ከሆነ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። አሮጌው ማዘርቦርድ ካልተጣለም ያስመልሱት፤ መነሳት ከቻለ ዲስኩን ሊከፍት ይችላል።

ከሁሉም ከጠፋ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ፋይሎቹ ግን አይመለሱም። «ሰብሬ እከፍታለሁ» ለሚል ገንዘብ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ገዝቼ ኮምፒውተሩንና ሌዘር ፕሪንተሩን ሰካሁበት። ባተምኩ ቁጥር ይጮህና ሁሉንም ያጠፋዋል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ፕሪንተሩን ይንቀሉ። 650 የሚለው ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት አይበልጥም። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን በወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠውን ክፍል ሲያሞቅ ብቻውን ከዚያ በላይ ይስባል። ፕሪንተሩን ግድግዳ ላይ ይሰኩት። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ብቻቸውን ሆነው እንኳ በሰከንዶች ውስጥ ከጠፉ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ 12 ቮልት ባትሪ ብቻውን ይቀየራል፣ ዩፒኤሱን መጣል አያስፈልግም።